የአጎቴ በሬና ሲቲ ስካን

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለግድግዳ ጋዜጣ ነውር ይመስል ይሆናል፤ ስለ ሰገራና ስለ ደም ነውና። አጎቴን የጎዳቸው ግን ይኸው ይሉኝታ ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

አጎቴ የደጎሎ ገበሬ ናቸው፤ ከሃምሳ ዓመት አልፈዋል። ሰገራቸው ደም እየቀላቀለ ሦስት ጊዜ ተመረመሩ፤ ሦስቴም «አሜባ ነው» ተብለው ኪኒን ተሰጣቸው። ደሙ አልቆመም፤ ሰውነታቸውም ከሳ። አሁን ቤተሰቡ በሬ ሸጦ «ትልቁን ማሽን፣ ሲቲ ስካን እናስነሣቸው» ይላል። እኔ በበኩሌ አልተስማማሁም።

በማይክሮስኮፕ የታየ አሜባ ሁሉ በሽታ አምጪ አይደለም። ጉዳት የማያደርስ መሳይ አለው፤ ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ቢልሃርዚያም ደም ያመጣል። ስለዚህ ሰገራ መመርመሩ ደግ ነው፤ ታክሞ ያልዳነን ሰው ግን ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ብልቃጥ ማስያዝ ምን ይባላል? በሰገራ ውስጥ ስውር ደም የሚፈልገው ምርመራም ለእሳቸው አይረባም። እሱ እኮ ምንም ሕመም ለማይሰማቸው ሰዎች ነው፤ በዓይን ለሚታይ ደም «ደም አለ» ቢል ምን ይጨምራል?

ሲቲ ስካን ካንሰር ቢኖር ወዴት እንደተዛመተ ለማየት ይጠቅማል። በባሪየም የሚነሣው ራጅም የአንጀትን ቅርጽ ያሳያል። ሁለቱም ግን ናሙና አያወጡም። ኮሎኖስኮፒ፣ ይኸውም በፊንጢጣ የሚገባው ካሜራ ያለው ቱቦ፣ እያየ ይሄዳል፤ እባጭ ቢያገኝ ቆንጥሮ ያመጣል፤ ትንሽ ከሆነም እዚያው ይነቅለዋል። ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። በዋዜማው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥቶ አንጀትን ማጠብ ግድ ነው፤ አልፎ አልፎም አንጀት ሊበሳ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የሐኪም ጣት አለ! ጓንት አጥልቆ ፊንጢጣን መዳበስ ደቂቃ አይፈጅም፤ ወጪም የለው። አጎቴን ግን ማንም እንዲህ አልመረመራቸውም። እሳቸውም ቢጠየቁ «ወግድ!» ይሉ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም።

ሆድ በድንገት ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ደጋ አገር የታወቀው የአንጀት መጠምዘዝ ሊሆን ይችላልና ያን ጊዜ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ነው፤ ተራ የሆድ ራጅ ብዙውን ጊዜ ያሳየዋል።

በሬው ይሸጥ፣ አልቃወምም። እኔ ቅዳሜ ደጎሎ ወርጄ ደሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ኪኒን እንደወሰዱ፣ ምን ያህል እንደከሱ አንድ በአንድ ጠይቄ በወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። ለሐኪሙ በአፋቸው መናገር ቢያፍሩ ወረቀቱን ይሰጡታል።