አከራይና ተከራይ፦ ከካርቱም ቤቶች የምንማረው

ወታደር ከቤት ጋር ያለው ጉዳይ ከሌላው ሕዝብ የተለየ ገጽ አለው። የወታደርን መኖሪያ የሚወስነው ግዳጅ ነው። ዛሬ በምሥራቅ፣ ነገ በምዕራብ ሲሰለፍ ከደመወዙ እየቀነሰ በትውልድ ከተማው ያሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ወይም በዕጣ የደረሰችው ኮንዶሚኒየም በሰው እጅ ትቆያለች። ባለቤቱና ልጆቹ ደግሞ በጦር ሰፈሩ አቅራቢያ በሌላ ሰው ግቢ በኪራይ ይቀመጣሉ። በዚህ ዓይነት ቤተሰብ ውስጥ አከራይነትና ተከራይነት በየወሩ ይገናኛሉ፤ በአንድ እጅ ኪራይ ይገባል፣ በሌላው እጅ ኪራይ ይወጣል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ማዕዘናችን ጥሪትን በሚከራይ ቤት ላይ ስለማዋልና ከተከራይ ጋር በሰላም ስለመኖር እንነጋገራለን። ለአብነት የምንመለከታት ከተማ የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ናት። ከጣና የሚነሣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ይህች ከተማ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ወገኖቻችን በስደትና በሥራ ፍለጋ በተከራይነት የኖሩባት ናት። የቤት ኪራይ ሀብትም፣ ሥጋትም፣ ፈተናም ሊሆን እንደሚችል የካርቱምን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ከተማ በአቅራቢያችን አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ካሻቀበ በኋላ እጅግ ብዙ ሱዳናውያን ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ሄዱ። መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ ሹፌሩም ያጠራቀመውን ገንዘብ በአገሩ መሬት በመግዛትና ቤት በማሠራት ላይ አዋለው። በዚህም ምክንያት በካርቱም ባለቤቱ ባሕር ማዶ ያለ፣ ኪራዩን ወንድም ወይም አጎት የሚሰበስብለት ቤት በረከተ። ከግዳጅ ቀጣና ሆኖ ቤቱን ለሚያስተዳድር ወታደር የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የራሱ ታሪክ ያህል ቅርብ ነው።

ከዚያም የወርቅ ዘመን መሰለ። ነሐሴ 1991 ዓ.ም. ሱዳን የመጀመሪያውን የነዳጅ ጭነት ወደ ውጭ ላከች። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሰሜንና የደቡብ የሰላም ስምምነት ሲፈረም የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮና በርካታ የእርዳታ ድርጅቶች ወደ ካርቱም ገቡ። አማራትና ሪያድ በሚባሉት ሰፈሮች ያሉ ሰፋፊ ቤቶች በዶላር መከራየት ያዙ። ይሁን እንጂ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ስትሆን ከአገሪቱ ነዳጅ ሦስት አራተኛው ገደማ አብሮ ሄደ፤ የተልእኮው ዘመንም በዚያው ዕለት አበቃ፤ የሱዳን ፓውንድም እየተዳከመ መጣ። የውጭ ድርጅት ለዘላለም ይከራየኛል ብሎ ከአቅሙ በላይ የገነባ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ባዶ ሳሎን ታቅፎ ይቀራል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ግልጽ ነው። ለኪራይ የሚሠራ ቤት ሒሳቡ መመሥረት ያለበት በዘወትሩ ተከራይ፣ ማለትም በመምህሩ፣ በነርሷ፣ በአነስተኛ ነጋዴውና በወታደሩ አቅም ላይ ነው። በድንገት የመጣ ከፍተኛ ኪራይ ጉርሻ እንጂ ደመወዝ አይደለም። ለአብነት ያህል በወር 8,000 ብር የሚከራይ ቤት እንውሰድ። ተከራዩ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 96,000 ብር ይገኛል። አከራዩ በወር 1,000 ብር ልጨምር ብሎ ተከራዩን ቢያስለቅቅና ቤቱ ሁለት ወር ባዶውን ቢከርም፣ በቀሩት አሥር ወራት በ9,000 ብር ሒሳብ የሚያገኘው 90,000 ብር ነው። የደላላው ክፍያና የግድግዳው ቀለም ገና አልታሰበም። ኪራዩን በቀኑ የሚከፍልና ቤቱን እንደ ራሱ የሚይዝ ተከራይ የቤቱ ግማሽ ዋጋ መሆኑን ያልተረዳ አከራይ ብልኅ ነጋዴ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛውን ትምህርት ያስተማረው ውሃ ነው። ከሐምሌ 28 እስከ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በካርቱም ላይ ወረደ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚዘንብባት በዚያች ከተማ ጃሉስ በተባለው የጭቃ አሠራር የቆሙ ቤቶች እንደ ስኳር ሟሙ፤ መጠለያ ያጣውም ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የዓባይ ሙላት ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ሁሉ በመብለጡ የሱዳን መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። ከየወሩ ኪራይ ላይ ለጣሪያው፣ ለቦዩና ለግድግዳው ድርሻ መቁረጥ የተገባ ነው። ኪራዩን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚበላ ሰው ቤቱን ቀስ በቀስ እየበላ መሆኑን የሚያውቀው ክረምት ሲገባ ነው።

አሁን ወደ ተከራዩ ወገን እንለፍ። በካርቱም ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚታወቁባቸው ሰፈሮች አንዱ ዴም ነው። በሰፊው ግቢ፣ ማለትም በሆሹ ዙሪያ በተደረደሩት ክፍሎች በሰው ቤት ሠራተኝነትና በሻይ ሽያጭ የሚተዳደሩ እኅቶች ተዳብለው ይኖሩ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ተከራይ ክፍሉን የሚያገኝለት ሲምሳር የሚሉት ደላላ ነው፤ ስምምነቱም ብዙውን ጊዜ በቃል ብቻ ያልቃል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ተከራይ አከራይዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢያስወጣት አቤት የምትልበት ደጅ የላትም። አከራይዋ ደግ ሰው ከሆኑ ትኖራለች፤ ካልሆኑ ሻንጣዋ ደጅ ያድራል። ኑሮን በሌላ ሰው ጠባይ ላይ ብቻ ማሳደር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእነዚህ እኅቶች በላይ የሚመሰክር የለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ግን አከራይም ተከራይም እኩል ሆኑ። የአማራቱ ባለ ፎቅና የዴሟ ሻይ ሻጭ በአንድ መንገድ ተሰደዱ። ብዙ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ እልፍ አእላፍ ሱዳናውያን ወደ ወድ መደኒና ወደ ፖርት ሱዳን ጎረፉ፤ በእነዚያም ከተሞች የቤት ኪራይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጥፍ ናረ። በካርቱም ቤት አከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው ቤተሰቡን ለማሳደር የአንድ ክፍል ኪራይ የሚለምን ሆነ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ፣ ከስምንት ወር በፊት እንግዶችን የተቀበሉት የወድ መደኒ ሰዎች በተራቸው ዕቃቸውን ተሸክመው ማደሪያ ፍለጋ ወጡ። ስደተኛውን በርኅራኄ ያስጠጋም፣ በችግሩ ያተረፈበትም ያው መንገድ ጠበቀው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አከራይና ተከራይ ሁለት ዓይነት ሕዝብ አይደሉም። አንድ ሕዝብ በተለያየ ቀን የሚቀመጥባቸው ሁለት ወንበሮች ናቸው።

ይህን እውነት የእኛም አገር ታሪክ ያረጋግጠዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን በአንድ ቀን ብዙ አከራዮች አከራይነታቸው ቀረ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተዛወሩ። ዛሬ ደግሞ የግል አከራይ በከተሞቻችን በዝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሁለቱንም ወገኖች የሚዳኝ ሕግ ነው። በዐዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ይከፈላል፤ ጭማሪም በየዓመቱ ይፋ ከሚደረገው መጠን አያልፍም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

በመሆኑም ቤት ላለውም፣ ለሚከራየውም ወታደር የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሩቅ ግዳጅ የሚሄድ ባለቤት ቤቱን ለሚጠብቅለት ሰው በሕግ ፊት የጸና ውክልና ይስጥ። በተቻለ መጠን ባለቤቱን ይወክል፤ እርሷም ኪራዩ መቼ እንደሚገባ፣ ግብሩ መቼ እንደሚከፈል ከእርሱ እኩል ትወቅ። የዘመድ አደራ መልካም ነው፤ ሆኖም በባንክ የገባ ገንዘብ በወንድማማች መካከል ጥርጣሬ እንዳይበቅል ይከላከላል።

ሁለተኛ፣ ተከራዩ ሲገባ የበሩ፣ የመስኮቱ፣ የመብራቱና የውሃው ሁኔታ በሁለቱ ፊት ታይቶ ይጻፍ። የትኛውን ብልሽት አከራዩ፣ የትኛውን ተከራዩ እንደሚጠግን አስቀድሞ ይለይ። ብዙው ጠብ የሚነሣው ከኪራዩ ሳይሆን ከቧንቧውና ከመብራት ቆጣሪው ነው።

ሦስተኛ፣ ተከራይ የሆነች የወታደር ባለቤት ውሏንና የክፍያ ደረሰኟን በአንድ ከረጢት ታስቀምጥ፤ ፎቶ አንሥታም ለባለቤቷ ትላክለት። ድንገት ከቤት መውጣት ቢመጣ የሚያዘው ከልጆቹ ቀጥሎ ይህ ከረጢት ነው።

አራተኛውና ዋናው ነገር የወታደር ክብር ነው። ኪራይ የዘገየበት ወታደር የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ጓዶቹን አስከትሎ በተከራይ ደጅ ቢቆም ያ ሰው አከራይ መሆኑ ቀርቶ አስገዳጅ ሆኗል። የደንብ ልብሱ የተሰፋው ለሕዝብ ጥበቃ እንጂ ለግል ዕዳ መሰብሰቢያ አይደለም። ተከራይ ውል ካፈረሰ መንገዱ የታወቀ ነው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ በሽማግሌ መነጋገር፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት መሄድ። በካርቱም ታጣቂዎች በየሰፈሩ የነዋሪውን ቤት ሰብረው ገብተው እንደ ራሳቸው ሲቀመጡበት ዓለም አይቷል። የሱዳን ጦር ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የካርቱምን ክፍለ ግዛት በሙሉ መቆጣጠሩን ካስታወቀ በኋላ እንኳ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው ያገኘው ብዙ ጊዜ በር የሌለው፣ ሽቦው ከግድግዳው የተነቀለ ቤት ነበር። መሣሪያ የያዘ እጅ የሰውን ደጃፍ ሲንቅ ነገሩ እስከምን እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጓዶች፣ ቤታችሁን ስታከራዩ ተከራያችሁን ልክ የእናንተ ባለቤት በሌላ ሰው ግቢ እንድትያዝ በምትመኙት ዓይነት ያዙ። ውድ እኅቶች፣ የተከራያችሁትን ቤት ልክ የእናንተ ቤት በሌላ ሰው እጅ እንዲጠበቅ በምትሹት መንገድ ጠብቁ። ኪራዩ በቀኑ፣ ጥገናው በወቅቱ፣ ውሉ በጽሑፍ ከሆነ፣ ግዳጅ ላይ ያለው ወታደር ሐሳቡ በቤቱ ነገር ሳይከፈል በሙሉ ልቡ በጥበቃው ላይ ይቆማል።