ነፃነቱ ለማን ነው? ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ደረጃ

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሻችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መንግሥት ለኤሌክትሪክ ምጣድ፥ ለምድጃና ለማቀዝቀዣ የኃይል አጠቃቀም ደረጃ ቢያወጣና ከደረጃው በታች የሆነው ዕቃ እንዳይሸጥ ቢከለክል ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የሚል ነው። አንዳንዶቹ «ሰው በገንዘቡ የወደደውን ምጣድ ቢገዛ ማን ምን ገዶት? ነፃነቱ ነው» አሉ። ሌሎቹም «ግድቡ አልቋል፤ ኃይል ሞልቷል፤ የቁጠባ ወሬ ያለፈበት ወሬ ነው» ሲሉ ተደመጡ። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የማንስማማበትንም ምክንያት ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ የግድቡን ነገር እናንሣ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ካላቸው መካከል እኛም ነበርን። ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ሒሳብ የተማረ ሁሉ እስቲ ይቁጠር። አንድ ተራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። አንድ ሚሊዮን ቤት በአንድ ሰዓት ምጣዱን ቢጥድ 3,500 ሜጋ ዋት ይጠየቃል። ይህም ከግድቡ ሙሉ አቅም ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያልፋል! ከሕዝባችንም ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ መብራት አላገኘም። እንግዲህ ከምጣድ ሥር በከንቱ የሚያመልጠው ሙቀት የማነው? ዛሬም በኩራዝ የሚያጠናው የገጠር ተማሪ ድርሻ አይደለምን? ወንዝ ገድቦ ያመጡትን ኃይል በቀዳዳ እንስራ እንደ መቅዳት ያለ ሥልጣኔ የት አለ?

ወደ ነፃነቱ እንለፍ። ምጣድ የምትገዛ እናት ሱቅ ገብታ የምታየው ሸክላውን፥ ላሜራውንና ዋጋውን ብቻ ነው። ሸክላው ከመጠን በላይ ወፍራም ቢሆን፥ ከሥሩም ሙቀት የሚከላከል ነገር ባይደረግበት፥ ግማሹ ሙቀት እንጀራውን ሳይሆን ወለሉን ቢያሞቅ በምን ታውቃለች? የተዘጋ ነገር ነው። ሻጩም አይነግራትም። ያላዩትን መምረጥ ምርጫ ነው ወይ? ምጣዱን ገዝታ ቤቷ ከገባች በኋላ ግን ቆጣሪው ይነግራታል። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በዚህ ኃይል ባለ 9 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ ከ150 ሌሊት በላይ ያበራል። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እኅታችን ሣሩን አይታ ገደሉን እንዳላየችው በሬ ሆና የምትቀረው ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ ገደሉን ሸፍነው ስለሸጡላት ነው። ነፃነቱ የሻጩ፥ ዕዳው የእርሷ!

ይህ «ነፃነት» የሚሉት መፈክር ከወዴት እንደመጣም እናውቃለን። በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 «እጃችሁን ከቤት ዕቃዎቻችን ላይ አንሡ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠውን ረቂቅ ሕግ አሳልፎ ነበር። የእኛም ሰዎች ቃሉን እንደ ጋቢ ተከናንበውት መጡ። ያልነገሩን ግን አለ። የዚያው አገር የቤት ዕቃዎች ደረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1987 የጸደቀው በፕሬዝዳንት ሬጋን ፊርማ ነው፤ ሬጋንም የነጋዴ ጠላት ተብሎ አያውቅም። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያንን ሕግ ደግፈውታል፤ በየክፍለ ግዛቱ የተለያየ ደረጃ ከሚያስጨንቃቸው አንድ ሕግ ይሻላል ብለው። ዛሬ በዚያ አገር የሚሸጠው ማቀዝቀዣ ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው በመጠን ይበልጣል፤ የሚበላው ኃይል ግን የዚያን ሩብ ያህል ነው። ማን ተጎዳ? የማን ነፃነት ተገፈፈ?

ተቃዋሚዎቻችን ከሚሉት ውስጥ እውነት ያለበትን ግን አንክድም። ጥሩ ምጣድ ሲሠራ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። በየሰፈሩ ላሜራ እየቆረጡ፥ ሽቦ እየጠመዘዙ ምጣድ የሚሠሩ ወንድሞችም ደረጃው በድንገት ቢወድቅባቸው ሥራቸው ሊዘጋ፥ ገበያውም ለጥቂት ትላልቅ አስመጪዎች ሊቀር ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደረጃ የድኃን እንጀራ የሚነጥቅ ከሆነ እኛም እንቃወመዋለን። ግን መልሱ ደረጃውን መተው ነውን? አይደለም! መልሱ ለሠሪው ጊዜና ትምህርት መስጠት፥ ለገዢዋም ዋጋውን ከወርኃዊ የመብራት ሒሳብ ጋር ቀስ በቀስ የምትከፍልበትን መንገድ ማበጀት ነው።

ሕጉም አዲስ አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ወረቀት ሳይሆን ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጥቶ ገበያ እንዲወርድ ነው። በእያንዳንዱ ምጣድ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ በሚነበብ ጽሕፈት ይለጠፍ። በየጊዜው እየተመረመረ የባሰው ከገበያ ይውጣ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሆንን እኛም ከመጽሐፍ ቀና ብለን ወደ ምጣድ ሠሪዎቹ እንሂድ፤ የሸክላውን ውፍረት አብረናቸው እንለካ፤ የምናውቀውን እንስጥ፥ የማናውቀውንም ከእነርሱ እንማር። ስለ ሕዝብ እየጮኹ የእናትን ምጣድ አለማወቅ ያሳፍራልና።

ምጣዱ ይመርመር! ሠሪው ይደገፍ! ጋጋሪዋ የምትከፍልበትን ትወቅ!