የቧንቧ ውሃና የባሕር ዓሣ



ዘንድሮ በክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንድ ተማሪዎች የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ በስልክ አይተው፥ የሳይንስ ክበባችን ከወልዲያ ቧንቧ ውሃ ቀድቶ፥ የወጥ ጨው በጥብጦ እንዲህ ያለውን ዓሣ ቢያረባ ምን ይከለክለዋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ዓሣ ይገድላል፤ ዓሣን የሚገድል ውሃ ለልጅ እንዴት ይሰጣል ብለው ይመልሳሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስሕተት ግን የሰውን ጤና የሚነካ ስለ ሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ስለ ጨው እናገራለሁ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት። ከዚህም ውስጥ ከመቶ 85 እጅ ገደማው እንደ ወጥ ጨው ያለ ሲሆን፥ የቀረው ማግኒዚየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየምና ሌላም ነው። ስለዚህ ከአፋር የሚመጣልን ጨው ወጥ ያጣፍጣል እንጂ ባሕር አይሠራም። የባሕር ዓሣ አርቢዎች ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ይገዛሉ።

ከዚህም በቀር ከገንዳው ውሃው ሲተን ጨውና ማዕድኑ ይቀራሉ። የጎደለው በቧንቧ ውሃ በተሞላ ቁጥር፥ በሻይ ማፍያችን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ዓይነት ማዕድን እየተጠራቀመ ይሄዳል። የአፍዴራ ሐይቅ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ምንጮች ይገቡበታል፥ መውጫ የለውም፥ ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨው ይቀራል። ስለዚህ አርቢዎች ማዕድኑ በማጣሪያ የወጣለትን ውሃ ይጠቀማሉ። ይህ ማጣሪያ ግን አንድ ሊትር ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውሃ ይደፋል። በሀብሩ ገጠር እኅቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው ውሃ እያመላለሱ፥ እኛ ለጌጥ ውሃ ብንደፋ የሚያስመሰግን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ክሎሪን እመለሳለሁ። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃውን በስንጥቡ እያሳለፈ ነው። የስንጥቡ ቆዳ እጅግ ስስ ስለ ሆነ ጥቂት ክሎሪን እንኳ ያቃጥለዋል። ክሎሪኑ የዓሣውን ቆሻሻ የሚለውጡትን በገንዳው ያሉ ጠቃሚ ተሕዋስያንም ይገድላል። ሰው ግን ውሃን ይጠጣል እንጂ አይተነፍሰውም፤ ጥቂቱ ክሎሪንም በምራቅና በጨጓራ ውስጥ ኃይሉን ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በክሎሪን በታከመ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲገኝ፥ ከ5 ሚሊ ግራም ግን እንዳይበልጥ የሚመክረው ይህንኑ መርምሮ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት በወልዲያ መብራትና የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ሕዝቡ የምንጭና የወንዝ ውሃ ሲቀዳ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በባሌ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝም በኋላ ወደ ክልላችን ደርሶ ነበር። የኮሌራን ተሕዋስ በውሃ ውስጥ የሚገድለው ይኸው ዓሣን የሚጎዳው ክሎሪን ነው። እንግዲህ በዓሣ ሞት ተመክቶ ልጁን ከቧንቧ ወደ ወንዝ የሚመልስ ሰው ከትንሽ ጉዳት ሸሽቶ ወደ ትልቅ ጉዳት ይገባል።

ታዲያ ክበባችን ምን ያድርግ? የባሕሩን ዓሣ ይተወውና ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ጥቂት ቆሮሶ አስመጥቶ በጨው አልባ ውሃ ያርባ። የቧንቧውን ውሃ አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍት አድርጎ አንድ ሁለት ቀን ቢያሳድረው አብዛኛው ክሎሪን ይተናል። ከገንዳው የሚወጣውም አሮጌ ውሃ ጨው ስለሌለበት የትምህርት ቤታችንን ችግኝ ያጠጣል፤ የባሕር ገንዳ ውሃ ግን ችግኙን ባደረቀው ነበር።

ንጹሕ ውሃ ማለት ለሁሉ አንድ ዓይነት ማለት አይደለም። ለሰው፥ ለቆሮሶ፥ ለባሕር ዓሣም የሚስማማው የተለያየ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የተማሪ ፈንታ ነው፤ ያወቀውንም ቤቱ ገብቶ ለእናት ለአባቱ ማስረዳት አለበት።