ሽንኩርት ከሰው የሚበልጠው በምንድን ነው?

ከዘንዘልማ ተነስቶ በጎንደር መንገድ ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ሳያይ አያልፍም። ሜዳው በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርት ያበቅላል። ሁለቱ ሰብሎች በአንድ ማሳ ቢፈራረቁም የያዙት የዲኤንኤ መጠን ፈጽሞ አይቀራረብም። የሩዝ ጂኖም 400 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ሲሆን የሽንኩርት 16 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ የሰው ደግሞ 3.1 ቢሊዮን። ሽንኩርት ከሩዝ 40 እጥፍ፣ ከእኛም አምስት እጥፍ ተሸክሟል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ፊደል ለሥራ የሚፈለግ ከሆነ ሽንኩርት ምን ቢሠራ ነው ከሰው አምስት እጥፍ ትእዛዝ ያስፈለገው? ካናዳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ራያን ግሪጎሪ «የሽንኩርት ፈተና» ያለው ይህንኑ ጥያቄ ነው። እስካሁን አጥጋቢ ሆኖ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ራሳቸውን እየቀዱ ከሚባዙ የዲኤንኤ ቁራጮች ነው፤ ከነዚህም የሚበዙት ለባለቤታቸው የሚሠሩት ሥራ የለም። በሰውም ጉዳዩ ያው ነው ባይ ነኝ።

እነዚህን በጂኖም ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ቁራጮች መጀመሪያ ያየቻቸው አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክ ናት፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በበቆሎ ላይ። ለሥራዋ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በ1983 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰው ጂኖም ረቂቅ በ2001 ሲታተም ከጂኖማችን 45 በመቶ ያህሉ የነዚህ ቁራጮች ቅጂ ወይም ቅሪት ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል ግን ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። «አሉ» የተባለው 300 ፊደል ገደማ የሆነ ቁራጭ ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ አለው። የሚገርመው «አሉ» ራሱን የሚቀዳበት መሣሪያ እንኳ የለውም፤ «ላይን-1» ከተባለው ረዥም ቁራጭ እየተዋሰ ነው የተባዛው። አዋሹ «ላይን-1» ራሱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ቅጂ ሲኖረው፣ ዛሬም መዝለል የሚችሉት መቶ ገደማ ናቸው። ቀሪዎቹ ተቆራርጠውና ተበላሽተው የቀሩ ናቸው።

ተፈጥሮ በከንቱ ያኖረችው ነገር የለም የሚል ሙግት እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ባዶ ሙግትም አይደለም። የእንግዴ ልጅ በደንብ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሲንሳይቲን የተባለ ፕሮቲን ከጥንት ቫይረስ ቅሪት የተገኘ ነው። ሰውነታችን ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርትባቸው «ራግ» የተባሉት ጂኖችም ምንጫቸው ዘላይ ቁራጭ ነው። ነገር ግን የጣናን እምቦጭ እንመልከት። አጭዶ ኮምፖስት የሚያደርገው ሰው አለ፤ ሐይቁን የወረረው ግን ለኮምፖስት ተፈልጎ አይደለም፣ መባዛት ስለቻለ ነው። ከሚሊዮኖቹ ቅጂዎች ጥቂቶቹ በኋላ ሥራ ማግኘታቸው የተቀሩትም ሥራ አላቸው ለማለት አያበቃም። ኢንኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በ2012 ከጂኖማችን 80 በመቶው «ተግባር አለው» ብሎ ጋዜጦችን ሲያጥለቀልቅ የለካው ኬሚካዊ እንቅስቃሴ መኖሩን እንጂ ጥቅሙን አልነበረም። ሥራ ያለው ፊደል ሲበላሽ ባለቤቱን ስለሚጎዳ በትውልዶች መካከል ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። በዚህ መስፈርት ተጠብቆ የኖረው የጂኖማችን ክፍል አሥር በመቶ እንኳ አይደርስም።

ይህ ክርክር ለኛ ሩቅ አይደለም፤ በሯጮቻችን በኩል ቤታችን ገብቷል። «ኤሲኢ» የሚባለው ጂን የደም ግፊትን በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ ያለው ኢንዛይም ይሠራል። በዚህ ጂን ውስጥ፣ ፕሮቲን በማይሠራ ክፍል ላይ፣ አንዳንዱ ሰው 287 ፊደል የሆነ «አሉ» ገብቶበታል፤ ሌላው የለውም። አውሮፓውያን ላይ በተደረገ ጥናት «አሉ» የገባባቸው ሰዎች በደማቸው ያለው የኢንዛይም መጠን አነስ ብሎ ታየ። በ1998 ደግሞ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ከ7,000 ሜትር በላይ በወጡ የብሪታንያ ተራራ ወጪዎች ዘንድ ይኸው ቅጂ በዝቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ «የጽናት ጂን» የሚል ስም ወጣለት፣ የምርመራ ገበያም ተከፈተለት። እውነት ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት የሚታየው በኢትዮጵያ ሯጮች ነበር። ተመራማሪዎች የአገራችንን የረጅም ርቀት ሯጮች የአርሲን ነዋሪዎች ጨምሮ ከሌላው የአገሪቱ ሕዝብ ጋር አነጻጽረው በ2011 ያሳተሙት ውጤት ግን ምንም ግንኙነት እንደሌለ ነው። በደም ውስጥ የሚለካ ለውጥ ከአንድ ቁራጭ ጋር አብሮ መታየቱ እንኳ ቁራጩን የሩጫ ጂን አያደርገውም። ልጁ ሯጭ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ለዚህ ምርመራ ገንዘብ የሚከፍል ወላጅ ጫማ ቢገዛለት ይሻላል።

ሥራ ከሌላቸው ለምን ይጠናሉ የሚል ቢኖር፣ ሥራ አለመኖር ጉዳት አለመኖር አይደለም። ተመራማሪው ሄይግ ካዛዚያንና ባልደረቦቹ በ1988 ደማቸው የማይረጋ 240 የሄሞፊሊያ ሕሙማንን መርምረው፣ በሁለቱ ላይ «ላይን-1» ዘሎ የደም ማርጊያውን ጂን ሰብሮ አግኝተውታል። በሌላ በኩል ደግሞ ዘንዘልማ በሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ የሰብል ማሻሻያ የሚማር ተማሪ ማይክሮሳተላይት የተባሉትን አጫጭር ድግግሞሾች ያውቃቸዋል፤ የጤፍና የማሽላ ዝርያዎች ዝምድና የሚለየው በነሱም ጭምር ነው። ለዚህ የተመቹትም አብዛኞቹ ሥራ ስለሌላቸው ነው፤ ቢለዋወጡ ተክሉን ስለማይጎዱት ከዝርያ ዝርያ እንደልባቸው ይለያያሉ።