«አባዬ፣ ሰው ገጭተሃል?»



ዛሬ ስለ ፖለቲካም፣ ስለ ኡበር ኮሚሽንም፣ ስለ አርሰናልም አይደለም። ስለ ልጄ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስሟን አልጠራም። ከመለጠፌ በፊት አንብቤላት «ለጥፈው፤ ፎቶዬን ግን እንዳታደርግ» ብላኛለች።

እንደምታውቁት ለንደን ውስጥ የምነዳው ማታ ማታ ነው። በ2023 መጨረሻ ላይ ልጄ ሥራ ላይ እያለሁ መልእክት ትልክልኝ ጀመር። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ደስ አለኝ። እዚህ አገር አድጋ በአሥራ አራት ዓመቷ አባቷን የምታስብ ልጅ አለችኝ ብዬ ለጓደኞቼ አሳየሁ። ቀስ እያለ ጥያቄው ተለወጠ።

«አባዬ፣ ሰው ገጭተሃል?»

«አልገጨሁም የኔ ልጅ።»

«እርግጠኛ ነህ? ብስክሌት የሚነዳ ሰውስ? ወደ ኋላ አይተሃል?»

በአንድ ሌሊት ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ። ካልመለስኩ ትደውላለች። ካላነሳሁ እናቷን ትቀሰቅሳለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ስደርስ በፒጃማ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ፤ የስልኳን መብራት አብርታ የመኪናውን ፊት ትመረምራለች። እኔም ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ተሳፋሪ ባወረድኩ ቁጥር የፊቱን ፓራውልት ፎቶ እያነሳሁ እልክላት ጀመር።

ሾፌሮች ታውቃላችሁ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። ከማርች 2022 ወዲህማ ሕጉ ጠብቋል፤ ቀይ መብራት ላይ ቆመህም አይፈቀድልህም። 6 ነጥብ ለኛ ለታክሲ ሰዎች እንጀራችን ማለት ነው። እኔ ግን ቀይ መብራት ላይ «አልገጨሁም» እያልኩ እጽፍ ነበር። አልገጨሁም እያልኩ ስጽፍ ሰው ልገጭ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ እኛ ነን ያላየነው። ሴፕቴምበር 2020 ሰከንደሪ ስትገባ ዘመኑ የኮቪድ ነው። ሁሉም «ሃያ ሰከንድ ታጠቡ» ይላል። የኛ ልጅ ሃያ ደቂቃ ትታጠባለች። እጇ ተሰነጣጥቆ ሲደማ እናቷ ቫዝሊን ትቀባታለች፤ እኔ ደግሞ «የኛ ልጅ በንጽሕና አትቀልድም» እላለሁ። የቤት ሥራዋን ጽፋ ትቀዳለች፤ አንድ ፊደል ከተጣመመ ገጹ ይጣላል። እኩለ ሌሊት መብራቷ በርቶ ሳይ «ጎበዝ ናት፣ ታጠናለች» እላለሁ። ስትጸልይ አንድ ቃል ከሳተች ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አቡነ ዘበሰማያትን አሥራ አምስት ጊዜ ስትደግም ሰምተን «እግዚአብሔርን የምትፈራ ልጅ ሰጠን» አልን። የወላጆች ስብሰባ ስንሄድ መምህራኑም ያሞግሷታል፤ ደብተሯ ንጹህ ነው፣ ረብሻ የለባትም፣ ዝምተኛ ናት።

ልብ በሉልኝ። ልጄ ብታጨስ፣ ብትደባደብ፣ ከክፍል ብትጠፋ በሳምንቱ እንነቃ ነበር። ይሄ በሽታ ግን ቤታችን የገባው የኛኑ ጨዋነት ለብሶ ነው። ንጽሕና፣ ትጋት፣ ጸሎት፣ ለአባት ማሰብ። ልጅቷ እየሰመጠች እኛ ሦስት ዓመት ሙሉ አጨበጨብን። ዛሬ ይሄን የምጽፈው ከናንተም መካከል አሁን የሚያጨበጭብ ወላጅ ስለማይጠፋ ነው።

ጃንዋሪ 2024 አንድ ሰኞ ጠዋት ጫማዋን ማሰር አቃታት። ታስራለች፣ ትፈታለች፣ ታስራለች። «ልክ አልሆነም» ትላለች። አርባ ደቂቃ አለፈ። እኔ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ እንቅልፍ ገድሎኛል። ጮህኩባት። ክንዷን ይዤ ጎትቼ መኪና ውስጥ አስገባኋት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ መስታወቱን ቀና ብዬ ሳይ ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። ያን ቀን አልገባችም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ሳምንታት አልገባችም። የዚያን ጠዋት ጉተታዬን እስካሁን ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ጂፒ ጋ ሄዱ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። የእናቷ እንግሊዝኛ ለሐኪም የሚበቃ አይደለም። አስተርጓሚዋ ማን ናት? በሽተኛዋ ራሷ! እናት በአማርኛ «ሌሊት አትተኛም፣ እጇ ይደማል፣ ባለፈው 'ብሞት ይሻለኛል' ብላኛለች» ትላለች። ልጅ በእንግሊዝኛ «ስለ ፈተና ትንሽ እጨነቃለሁ» ብላ ትተረጉማለች። ለእጇ ቅባት ታዞላት ተመለሱ። ሐኪሙ ምን ያድርግ? የሰማውን ነው ያከመው።

ስለዚህ አንደኛ ምክሬ ይሄ ነው፦ ልጃችሁን የራሷ በሽታ አስተርጓሚ አታድርጓት። ኤንኤችኤስ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። 111 ደውላችሁ 2 ቁጥርን ምረጡ፤ አደጋው አሁን ከሆነ 999 ነው።

ሁለተኛውን ቀጠሮ እኔ ሄድኩ፤ ያየነውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ። ያን ጊዜ ነው «ኦሲዲ» የሚለውን ቃል የሰማሁት። በቀላል አማርኛ ላስረዳችሁ። የማትፈልገው አስፈሪ ሐሳብ ይመጣብሃል፤ አባቴ ሰው ገድሏል፣ እጄ ላይ ያለው ቆሻሻ እናቴን ያሳምማታል። ጭንቀቱን ለማብረድ አንድ ነገር ማድረግ ግድ ይልሃል፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ መጠየቅ። እፎይታው የደቂቃዎች ነው። ከዚያ ሐሳቡ ብሶበት ይመለሳል። እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ በከፈልከው ቁጥር ዕዳው ይጨምራል። ሙስሊም ወንድም እህቶቻችን ውዱእን ደጋግሞ የሚያስደርገውን ጥርጣሬ «ወስዋስ» ይሉታል፤ ነገሩ እዚያው ሰፈር ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» ያለኝ ሰው አለ። ዴቪድ አዳም የሚባል፣ ራሱ ኦሲዲ ያለበት እንግሊዛዊ የሳይንስ ጋዜጠኛ በ2014 ስለዚሁ በሽታ መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ በማን ታሪክ የሚጀምር ይመስላችኋል? በአንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ ነው። ግድግዳው ከሐሳቧ አልወጣ ብሏት የቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ ትበላ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የበላችው ከግማሽ ቶን በላይ ደርሶ ነበር። የፈረንጅ በሽታ አይደለም። እኛ ዘንድ ስም ስላልነበረው ነው። ስም ያለን «አማኑኤል ገባ» የሚለው ስድብ ብቻ ነበር።

ጂፒው ወደ ካምስ፣ ማለትም ወደ ልጆች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ላከን። ወረፋው ረጅም ነው፤ ወራት ጠበቅን። እየጠበቃችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ኦሲዲ አክሽን እና ኦሲዲ ዩኬ የሚባሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ፤ ያንግ ማይንድስ ደግሞ ለወላጆች ብቻ የተዘጋጀ የስልክ መስመር አለው። ደውሉ።

ሕክምናው ሲጀመር የጠበቅኩት ልጄን እንዲያክሙ ነበር። መጀመሪያ የታከምኩት ግን እኔ ነኝ። ሕክምናው ኢአርፒ ይባላል። የሚያስፈራውን ነገር በደረጃ፣ ከቀላሉ እየጀመሩ መጋፈጥ፤ ግዴታ የሚመስለውን ድርጊት ግን አለመፈጸም። የዚህ አገር የሕክምና መመሪያ ከ2005 ጀምሮ ለልጆች የሚመክረው ይሄንኑ ነው፤ ቤተሰብም እንዲሳተፍ ይላል። ቴራፒስቷ የሌሊቱን የፎቶ ታሪክ ስነግራት አልሳቀችም። የምልከው ፎቶና የምጽፈው «አልገጨሁም» ሁሉ በሽታውን እንደሚመግብ አስረዳችኝ። ልጄን የማጽናና መስሎኝ የአራጣውን ወለድ ስከፍል ኖሬአለሁ።

ከልጄ ጋር ሦስታችን ተስማማን፤ መስማማቷ ዋናው ነገር ነው። መጀመሪያ በሌሊት አንድ ፎቶ ብቻ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶ የለም። ከዚያ መልስም የለም፤ ስትጠይቀኝ የምላት «ይሄ የኦሲዲ ጥያቄ ነው። አልመልስም። እወድሻለሁ» ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋን መልስ አልባ ሌሊት አልረሳትም። ኪንግስ ክሮስ አካባቢ መኪናዬን አቁሜ ስልኬ ወንበሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ባለቤቴ ደወለች፤ «ንገራት! አንድ ቃል መናገር ምን ይጎዳሃል?» አለችኝ እያለቀሰች። እውነቷን ነው፤ እኛ ያደግነው የልጅን እንባ ቶሎ ማድረቅ ፍቅር ነው እየተባልን ነው። ቤት ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ብቻ በለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ትላለች፤ ትንቀጠቀጣለች። አልመለስኩም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ማንም ሳይነካው በራሱ ቀነሰ። ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ሌሊት ያየሁትን ማንም አያስክደኝም፦ ፍርሃት ካልመገብከው ይደክመዋል።

እንደ ፊልም ግን አላለቀም። ወደ ፈተና ስንጠጋ ተመለሰባት። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረ፤ እናቷ ፈራች፤ ተነጋግረን ጀመረች። ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ፈጀ።

ስለ ትምህርት ቤት አጠር አድርጌ፦ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሴንኮ የሚባል፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች የሚከታተል መምህር መኖር ግዴታ ነው። ለክፍል መምህሩ ብቻ ነግራችሁ አትመለሱ፤ ሴንኮውን በኢሜይል ጻፉለት፤ የተጻፈ አይጠፋም። ኑሮን በጣም የሚያውክና የቆየ ኦሲዲ በ2010 የእኩልነት ሕግ እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ተገቢ ማስተካከያ የማድረግ ግዴታ አለበት። ለጂሲኤስኢ ፈተና ተጨማሪ 25 በመቶ ሰዓት፣ የእረፍት ፋታ፣ የተለየ ክፍል፣ በኮምፒውተር መጻፍ መጠየቅ ይቻላል። ግን አስቀድሞ በክፍል ውስጥ የተለመደ አሠራር መሆን ስላለበት የፈተናው ወር ላይ አትሩጡ። ችግሩ ከባድ ከሆነ ኢኤችሲፒ የሚባለውን ዕቅድ ወላጅ ራሱ ለካውንስሉ ማመልከት ይችላል፤ ካውንስሉ ልጁን ይገምግም አይገምግም በ6 ሳምንት ውስጥ መወሰን አለበት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ትምህርት ቤቷ በደግነት በፈለገች ሰዓት ወጥታ እንድትታጠብ ካርድ ሰጥቷት ነበር። ካርዱ በሽታውን አወፈረው። ቴራፒስቷና ሴንኮው ሲነጋገሩ ካርዱ ቀርቶ በምትኩ የተወሰነ የእረፍት ሰዓት ተሰጣት። ደግነትም እንደ መድኃኒት ልክ አለው።

«ጠበልስ?» የሚለኝ አለ። ወስጄአታለሁ፤ አልጸጸትም። ነገር ግን የረዳን የንስሐ አባቷ ቃል ነው። ሁሉን ከሰሙ በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ ጸልዪ። ብትሳሳቺም አትድገሚ። በእኔ ይሁንብሽ» አሏት። መጽሐፍ ሳያነቡ ከቴራፒስቷ ጋር አንድ ቦታ ደረሱ። አስታውሱ፣ በ2007 ብፁዕ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አበረታተው ነበር። ለቫይረስ የተፈቀደው ለአእምሮ ለምን ይከለከላል?

ባለፈው ሂትሮው መጠበቂያ ላይ ለአንድ ጓደኛዬ ይሄን አወራሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «የኔው ልጅ በሩን ስንት ጊዜ እንደሚቆልፍ ብነግርህ...» አለ። ቀጥሎ ሌላው ተናገረ። ሦስት አባቶች ነን፤ ዓመታት አብረን ቡና ጠጥተናል፤ አንዳችን ስለ ሌላችን ቤት አናውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ የደበቅነው ደግሞ የራሳችንን አይደለም፤ የልጆቻችንን ነው፤ እነሱ ሳይጠየቁ።

ልጄ በ2025 ጂሲኤስኢዋን ተፈተነች። ሁሉንም አላመጣችም፤ ሂሳብና እንግሊዝኛን አልፋለች፤ አሁን ሲክስዝ ፎርም ናት። ድናለች አልላችሁም። ጥሩ ሳምንት አለ፣ መጥፎ ሳምንት አለ። ደብተሯ አሁን ስርዝ ድልዝ አለበት፤ እኔ ያን ስርዝ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ። ጥግ ይዤ መኪናውን አቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ አነበብኩ። «አባዬ፣ ዛሬ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኩም።»

ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። «ጎበዝ» ብዬ ላክሁላት።

በአደባባይ ለመጻፍ የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሌሊት ነው የምነዳው፤ መኪናዬን ሳቆም እመልሳለሁ።

ቸር ያሰማን።