አማቴና የነነዌዋ አንበሳ

ጾመ ነነዌ የገባ ዕለት የአሥር ዓመቱ ልጄ «ነነዌ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኢራቅ ውስጥ፣ ጤግሮስ ወንዝ ዳር፣ ከሞሱል ማዶ ነው አልኩት። አልበቃውም። ለንደን ያለችው እህቴ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብታ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ላከችልኝ፤ እዚህ ያቤሎ፣ ከእራት በኋላ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኬን ከበበ።

ፎቶዎቹ የአሦር ነገሥታት የቤተ መንግሥታቸውን ግድግዳ ያለበሱባቸው የድንጋይ ቅርጾች ናቸው። አብዛኞቹ የንጉሥ አሹርባኒፓል ሲሆኑ፣ የተቀረጹት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ645 ግድም ነው። አያቱ ያ መጽሐፈ ነገሥት ላይ የምናውቀው ሰናክሬም ነው፤ እሱም ለኪሶን ሲይዝ የሚያሳይ ሥዕል በራሱ ቤት አስቀርጾ ነበር። አንዱ ፎቶ ላይ ራሳቸው ላይ ላባ የሰኩ ምርኮኞች ይነዳሉ። የኩሽ ወታደሮች ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው የቲርሐቅ አገር ሰዎች። ልጄ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዷን ፎቶ ደብቄ ነበር። ንጉሡ በወይን ጥላ ሥር ተጋድሞ ከንግሥቲቱ ጋር ይጠጣል፣ በገና ይደረደራል፣ ከወዲያ ደግሞ ዛፍ ላይ የሰው ራስ ተንጠልጥሏል። ልጅ ግን ስልክ ላይ ምን ይደበቀዋል? በጣቱ ገፋ አድርጎ አገኛት።

«ይሄ ራስ የማነው እማዬ?»

እኔ ቃል ስፈልግ፣ አማቴ ከወንበራቸው ሆነው «የጠላቱ ነዋ» አሉ፤ ምንም እንዳልሆነ።

አማቴ የቦረና ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከብት ሲያግዱ ኖረዋል። በጉርምስናቸው አንበሳ መግደላቸውን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን ሲናገሩት ሁልጊዜ ባጭሩ ነው። ስለዚህ የአደኑ ፎቶዎች ሲመጡ ስልኩ ወደሳቸው ዞረ። ንጉሡ በሠረገላ ላይ ሆኖ በቀስት ይወጋል፣ ሌላ ቦታ በእግሩ ቆሞ አንበሳውን በጎራዴ ይገጥማል። አንዱ ጥግ ላይ የእንጨት ሳጥን አለ፤ አንድ ሰው ሳጥኑ አናት ላይ በራሱ ትንሽ ሳጥን ተከልሎ፣ መዝጊያውን ወደ ላይ ስቦ አንበሳውን ይለቃል።

አማቴ ይህን ሲያዩ ሳቁ። «ከሳጥን አውጥቶ የገደለ አንበሳ ገደለ አይባልም። ያ ላይ ያለው ግን ብልህ ነው!»

እነዚህን የአንበሳ አደን ቅርጾች ከመሬት ያወጣቸው ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል የሞሱል ተወላጅ ነው። ቦታው ለፈረንሳዮች የተመደበ ስለነበር በ1853 (በፈረንጆች) ሌሊት ሌሊት ተደብቆ ነው የቆፈረው። ስሙ ካልከበዳችሁ፣ ያው መቅደላ የታሰረው ራሳም ነው። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ታሰረ፣ በሚያዝያ 1868 ተፈታ። አንበሳ ሲያድን የተቀረጸውን ንጉሥ ያገኘ ሰው፣ አንበሳ በሚያሳድግ ንጉሥ እጅ መውደቁ ሁሌ ይገርመኛል።

መጨረሻ ላይ ያቺ ሴቷ አንበሳ መጣች። ሦስት ፍላጻ ተሰክቶባታል። ወገቧ ተመትቶ የኋላ እግሮቿ ሞተዋል፤ በፊት እግሮቿ ተነሥታ ታገሣለች፣ የኋላ አካሏን ትጎትታለች።

አማቴ ስልኩን ተቀበሉኝና አቀረቡት። ብዙ ቆዩ።

«ይህን የሠራው ሰው ዓይቷል» አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩን። ጊደር የበላችባቸውን አንበሳ ከጓደኞቻቸው ጋር በፈለጓ ተከትለው ደረሱባት። ጦሩ ወገቧን መታት። እንዲህ እንደ ሥዕሉ፣ በፊት እግሯ እየተሳበች ወደ ቁጥቋጦው ገባች።

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ ጨረስናት። ወተት ነበራት።»

«ደቦሎቿስ?»

አማቴ አልመለሱለትም። ሻይ እንድጨምርላቸው ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝ። ባለቤቴ አባቱን ዓይቶ አንገቱን ደፋ፤ የወተቱን ነገር እሱም ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር። ልጄም የዚያን ሌሊት ስለ አንበሳ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ አማቴ ኩሽና በር ላይ ቆሙ።

«ያቺን አሳዪኝ እስቲ ልጄ።»

ፎቶዋን አተልቄ ሰጠኋቸው። የኋላ እግሮቿን በጣታቸው ሊነኩ ሲሞክሩ፣ በነኩት ቁጥር ምስሉ እየሸሸ አስቸገራቸው።