ስልኩ ነው የደበዘዘው ወይስ ዓይናችሁ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ሰቆጣ ነው ያለሁት። ስልክ ልቀይር ነው። አንዱ 270፣ ሌላው 390 ፒፒአይ ነው አሉኝ፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን አይጣል ነው። ፊደሉ እየደበዘዘ አስቸግሮኛል። ለዓይን የቱ ይሻላል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ስልክ ሻጭ ሳይሆን ሐኪም መጠየቁም ጥሩ ነው። አጭሩ መልሴ፦ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያለውን ፒክስል ዓይናችሁ አያየውም፤ «ደበዘዘብኝ» ከሚሉኝ ሰዎች ደግሞ የአብዛኞቹ ችግር ስልኩ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ፒፒአይ ምንድን ነው? ስክሪን ላይ የምናየው ፊደልም ምስልም የተሠራው ከጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው። ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። በአንድ ኢንች (2.54 ሳ.ሜ) ርዝመት ላይ የተደረደሩት ነጥቦች ብዛት ነው ፒፒአይ የሚባለው። ቁጥሩ ሲጨምር ነጥቦቹ ያንሳሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ ፊደሉም ጠርዙ ይለሰልሳል። እዚህ ድረስ ሻጩ እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ጤና ተቋም ውስጥ ወይም መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኢ ሰሌዳ ታውቁታላችሁ፤ እግሯ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ የምትዞረውን ማለቴ ነው። ከ6 ሜትር ርቀት ሆኖ «6/6» የሚባለውን መስመር ያነበበ ሰው ጤናማ እይታ አለው እንላለን። በዚያ መስመር ላይ ያለችው ኢ ቁመቷ 9 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ነው፣ የእያንዳንዱ እግሯ ውፍረት ደግሞ 1.7 ሚ.ሜ አካባቢ። በማዕዘን ሲሰላ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ይሆናል። ይህንኑ ልክ ስልክ ወደምንይዝበት 30 ሳ.ሜ ብናመጣው 0.09 ሚ.ሜ አይሞላም፤ በፒክስል ቋንቋ በአንድ ኢንች 290 ገደማ ማለት ነው። ስልኩን 40 ሳ.ሜ ላይ ከያዛችሁት ደግሞ 220 ገደማ ይበቃል። ራቅ ባለ ቁጥር ዓይን የሚፈልገው ፒክስል እያነሰ ይሄዳል።

ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ የተጠቀመው ይህንኑ ስሌት ነበር። የቀድሞው አይፎን 163 ነበር፤ አዲሱ እጥፍ፣ 326 ሆነ። ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ ርቀት የሰው ዓይን ከ300 በላይ ነጥቦችን ለይቶ አያይም አለ። አንዳንድ ባለሙያዎች ተቃወሙት፤ ትክክል ነበሩ። ምክንያቱም 6/6 የእይታ ጣሪያ አይደለም። ጤነኛ ወጣት ከዚያ የተሻለ ያያል፣ ለእንደዚህ ያለ ዓይን በ30 ሳ.ሜ ርቀት እስከ 450፣ ቢበዛ 500 ድረስ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ800 ፒፒአይ በላይ ያለው ስልክ አውጥቶ ነበር። ማን ዓይን ሊያየው? ሳምሰንግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ8 ከ500 በላይ ፒፒአይ እያለው ከካርቶኑ ሲወጣ ዝቅ ባለ ጥራት ተስተካክሎ ነበር የሚመጣው። ብዙ ፒክስል ማንቀሳቀስ ባትሪ ይበላላ! መብራት ሄዶ ቻርጅ የት ላድርግ በሚባልበት ከተማ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለፊደላችን ልከራከርለት። የስልክ ጥራት የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙ ያለው ቅጥያው ላይ ነው። «ሰ» እና «ሱ»፣ «ቸ» እና «ቼ»፣ «ሽ» እና «ሺ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው። ፊደሉ ትንሽ ከሆነና ነጥቦቹ ጥቂት ከሆኑ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። ስለዚህ 160 እና 200 ፒፒአይ ባላቸው አሮጌ ስልኮች አማርኛ ማንበብ በእርግጥ ያደክም ነበር። 270 ላይ ስንደርስ ግን ችግሩ በአብዛኛው ያልፋል፤ የቀረውን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የፊደሉን መጠን ከፍ ማድረግ ይፈታዋል። ያውም በነፃ።

ሰቆጣ ለሚኖር ሰው ከፒክስል የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ፀሐይ። ከተማዋ ከ2200 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ የቀትሩን ብርሃን ታውቁታላችሁ። ደጅ ላይ ቆማችሁ ስልክ ስታወጡ ስክሪኑ መስታወት ሆኖ የራሳችሁን ፊት ያሳያችኋል። እዚያ ላይ ፊደሉ የሚጠፋው ከብርሃኑ ጋር ሲነጻጸር ስክሪኑ ስለሚደክም ነው፤ 270ውም 500ውም እኩል ይጠፋሉ። ስልክ ስትመርጡ ሱቁ ውስጥ አትዩት፤ በረንዳ ላይ ይዛችሁ ውጡና ብሩህነቱን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡበት። ሻጩ ቅር ቢለውም ቅር ይበለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ አስተማሪ ታካሚ ነበረኝ፣ ዕድሜው 46። የመጣው ለጨጓራ ነው። መድኃኒቱን ስጽፍለት ስልኩን አውጥቶ የቀድሞ መድኃኒቱን ፎቶ ሊያሳየኝ ሞከረ፤ እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ። «ይሄም እንደዚያኛው ደበዘዘ» አለኝ። ለካ ይህን ስልክ የገዛው አሮጌው ደብዝዞበት ነው። የሁለት ወር ደመወዙን ከፍሎበታል። ጥርት ያለ ስክሪን ነበር፤ እኔ ከእሱ እጅ ላይ ሆኖ አነበብኩት።

የእሱ ችግር ከ40 ዓመት በኋላ ሁላችንንም የሚጠብቀን ነው። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ለማየት ይወፍራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይደርቅና እንቢ ይላል። በሽታ አይደለም፣ እንደ ሽበት ያለ ነገር ነው። መፍትሔው ተራ የንባብ መነፅር ነው። እና አስቡት፦ ስልኩን 50 ሳ.ሜ አርቆ ለሚይዝ ሰው 175 ፒፒአይ ይበቃው ነበር! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የእይታ ሪፖርት እንዲህ ያለ ችግር ኖሮባቸው መነፅር ያላገኙ ሰዎች 826 ሚሊዮን ናቸው ይላል።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2005/06 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዕውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል። ከእይታ መድከም መንስኤዎች ደግሞ 33.4 በመቶው በመነፅር የሚታረም ነበር። ዋግ ኽምራ ላይ ትራኮማው ይጨመራል። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ መድኃኒት ቢታደልም ዋግ በሽታው ለመልቀቅ ካስቸገረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኑን መስታወት የሚፍቅበት ሰው ምን ዓይነት ስክሪን ሊረዳው ይችላል?

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ጤና ጣቢያ የሚመጣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ደም ግፊቱ ይለካል፤ ጎሽ። የቅርብ እይታው ግን አይታይም። የሚያስፈልገው እኮ ማሽን አይደለም፤ አንድ የንባብ ካርድና ሁለት ደቂቃ ነው። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ተነስቶ ለሌላ ሕመም ሰቆጣ ድረስ የመጣ ሰው ለዓይኑ ብሎ ዳግመኛ አይመጣም። መርፌ ማስገባት ያቃታት ሸማኔ ወይም ሰፊ፣ ጤፍ መልቀም የተዉ እናት፣ የተማሪዎቹን ደብተር ማረም የከበደው መምህር፣ ሁሉም «አርጅቼ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። እኔም ያን አስተማሪ የያዝኩት በጨጓራው ሰበብ ነው። ቀጥሎ የመጣውን ታካሚ ስለ ዓይኑ ጠይቄው ይሆን? እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን አልጠይቅም ነበር።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ስልኩን አፍንጫው ሥር አድርጎ ካየ በ20 ሳ.ሜ ርቀት ፒክስሉን ለይቶ ሊያይ ይችላል፤ «ዓይኑ ጥሩ ነው» ብላችሁ ግን አትደሰቱ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ካልታየው ሩቅ የማየት ችግር ሊሆን ይችላል፣ አስመርምሩት። ከፍተኛ ፒክስል ዓይን ይጠብቃል የሚለውን ወሬም ተዉት። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መርገብገብ እንቀንሳለን፣ በነፋስና በአቧራ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚቆጠቁጣችሁ በአብዛኛው እሱ ነው። ቀና ብላችሁ ሩቁን ተራራ እዩ። ሰቆጣ ተራራ አይጠፋም።

ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት አሁኑኑ ይህን ሞክሩ፦ ይህን ጽሑፍ እንደወትሮው ይዛችሁ አንድ ዓይናችሁን በመዳፍ ሸፍኑ፤ አንብቡ። ከዚያ ሌላኛውን። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ ወይም በአንዱ ጭጋግ ካለ ስክሪኑ አይደለም፤ ስክሪኑ ለሁለቱም አንድ ነውና። አንድ ዓይን ቀስ በቀስ ሲደክም ሌላው ስለሚሸፍንለት ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የዓይን ክፍል ያለበት ሆስፒታል ሂዱ። ድንገት እይታችሁ ከቀነሰ ወይም ከሕመም ጋር ከቀላ ደግሞ ለነገ አትበሉ።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸውና ወጣት ዓይን ካለህ ልዩነቱን በመጠኑ ታየዋለህ፤ በማግስቱ ትረሳዋለህ። ለዓይንህ ጤና ግን ልዩነት የላቸውም። ይልቅ «ፊደሉ እየደበዘዘ አስቸግሮኛል» ያልከው ነው ያሳሰበኝ፣ ዕድሜህን አልጻፍክልኝም። ስልኩን ሳትገዛ በውስጥ መስመር መልስልኝ፦ ስንት ዓመትህ ነው? ስታነብስ ታርቀዋለህ ወይስ ታቀርበዋለህ?